የሰኞ ማታ ትኩሳት

ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረት ግን ለመቅለጥ እንኳ 1538 ዲግሪ ያስፈልገዋል። ኬሚስትሪ በማስተምርባቸው ዓመታት እነዚህን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ለፈተና ሸምድደዋቸዋል። የቁጥሮቹን ትርጉም በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከአብነት ተነሥቶ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ይሂድ። በየመንገዱ ዳር ባሉት የብየዳ ቤቶች ውስጥ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ ቱቦላሬ ሲበየድ፣ ብረቱ ቀልጦ ከመያያዙ በፊት ዚንኩ ፈልቶ ይተናል። ትነቱ አየር እንዳገኘ ተቃጥሎ ወፍራም ነጭ ጢስ ይሆናል፤ ጢሱ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ሥራው ላይ አጎንብሶ የሚበይደውን ወጣት ፊት ነው። ብየዳው ሲያልቅ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ብን ያለ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ ይቀራል፤ በጣት ቢነኩት ይረግፋል። ከዚያው ዱቄት በዓይን የማይታየው ክፍል በበያጁ ሳንባ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ስላልመጣለት ከአጎቱ ጋር ብየዳ ገባ፤ ዛሬ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው። መንገድ ላይ ተገናኝተን ስለ ጤናው ስጠይቀው፣ «ቲቸር፣ ይገርምዎታል፣ ሰኞ ሰኞ ማታ ምች ይመታኛል፤ ማክሰኞ ጠዋት ግን ደህና ሆኜ እነሣለሁ» አለኝ። ምን ምን እንደሚሰማው ስጠይቀው በዝርዝር ነገረኝ፦ ማታ ቤቱ ገብቶ ራት ሳይቀርብ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጣጥመዋል፣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። እናቱ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ታጠጣዋለች፣ በጋቢ ትሸፍነዋለች፤ ሲነጋ አልቦታል፣ ትኩሳቱም ለቆታል። እናቱ ምች ነው አለች፤ እሱም አመነ። የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ ጢሱ ስለሆነ ወተት ጠጣበት ይሉታል፤ እሱም ይጠጣል።

ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የናስ ማቅለጫ ቤቶች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በየጊዜው ይይዛቸው ነበር፤ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነውና። የብረት ጢስ ትኩሳት ይሉታል። ጢሱ ከተሳበ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ ያለ ምንም መድኃኒት ይለቃል። ለምን ሰኞ? ሰውነት ጢሱን በተከታታይ ቀናት ሲያገኘው ለጊዜው ይለምደዋል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ያው ጢስ ያንን ትኩሳት አያመጣም። እሑድ ሲታረፍ ግን ልምዱ ይጠፋል፤ ሰኞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ብየዳ የጀመረ ሰው ማታ ላይ የሚተኛው ለዚህ ነው።

ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚለቅ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉም የከፋው ነገር ነው። ሲነጋ የሚለቅ ሕመም ማታ የተሰጠውን ነገር ሁሉ መድኃኒት ያስመስለዋል። ዳማከሴው አዳነው ይባላል፣ ወተቱ አጠበለት ይባላል፤ ትኩሳቱን ያመጣው ቱቦላሬ ግን ከጥርጣሬ ነፃ ሆኖ ማክሰኞ ጠዋት ይጠብቀዋል። በእናትየዋ ላይ ቅንጣት ወቀሳ የለኝም፤ ልጇ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ቁጭ ብላ ያደረች እናት ናት፤ የሥራውን ጢስ ከትኩሳቱ ጋር የሚያያይዝላት ሰው ደግሞ አልነበረም። እኔን ያሳሰበኝ ልጁ ያለው ነገር ነው፦ «አሁንማ ለምጄዋለሁ፣ በዓመት ውስጥ ይተዋል ብለውኛል።» ጢስን የለመደው ትኩሳቱ ነው እንጂ ሳንባው አይደለም።

ስለ ወተቱ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ከልቡ ያምንበታልና። ወተት የሚወርደው በጉሮሮ ወደ ጨጓራ ነው፤ ጢሱ ያለው በአየር ቧንቧ በኩል ሳንባ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ የለም። ወተት እውነተኛ ጥቅም ያለው በሌላ በኩል ነው። ሰውነቱ ካልሲየምና አይረን ያነሰው ሰው ከምግብና ከእጁ ጋር የሚውጠው እርሳስ በብዛት ወደ ደሙ ይገባል፤ በቂ ካልሲየም ያለው ሰው አንጀት ግን ከዚያ ያነሰ ይቀበላል። ስለዚህ ባትሪ የሚፈታ ወይም ቀለም የሚፍቅ ልጅ ወተት ቢጠጣ ምግብ ነውና ደግ ነው፤ ግን ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ አፍንጫውን ሳይሸፍን ቢውል ወተቱ ጎድቶታል ማለት ይቻላል።

ዚንክ ከሁሉም የዋሁ ነው። በኤለመንቶች ሠንጠረዥ ላይ ከዚንክ ሥር ካድሚየም አለ፤ አንድ ዓምድ ላይ ስለሆኑ ጠባያቸው ይቀራረባል፤ ማዕድኑም ከመሬት ሲወጣ አብረው ነው የሚገኙት። ካድሚየም በ767 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚንክም ይቀድማል። በአንዳንድ የቆዩ የብር መበየጃ ዘንጎች፣ በአሮጌ ብሎኖችና መለዋወጫዎች ልባጥ፣ በአንዳንድ ቢጫና ቀይ ቀለሞችም ውስጥ አለ። የካድሚየም ጢስ የሳበ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሰማው ከዚንኩ ትኩሳት ጋር አንድ ነው፤ ያው ብርድ ብርድ ማለት፣ ያው ሳል። ልዩነቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ሳንባው ውኃ ይቋጥርና ሰውየው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሰኞ ማታ የሚመጣውን ትኩሳት ሁሉ ይለቃል ብሎ የለመደ ሠፈር የማይለቀውን በምን ይለየዋል? ብየዳ ከሠሩ በኋላ ትንፋሽ ማጠር ከሰዓት ወደ ሰዓት እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

የተራው ኤሌክትሮድ ጢስ አይረንና ማንጋኒዝ ይበዛበታል። ማንጋኒዝ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል፤ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ አካሄድ የሚያበላሽ ሕመም ያመጣል። አሁን በየአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ የሚገጠመው የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ሲበየድ ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል ይወጣሉ፤ ስድስተኛ ቫለንስ ያለው ክሮሚየምና የኒኬል ውሁዶች ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ሲሆን፣ አስምም ያስነሣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጢስ በአጠቃላይ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ከትንባሆ ጢስ ጋር አንድ ምድብ ማለት ነው፤ ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን እኩልነት አያሳይም፤ ይሁንና ማስረጃው አያጠራጥርም።

ብረት ነክ ጢስ ከሌላው ጢስ የሚለይበት ነገር አለ። የእንጨት ጢስ ውስጥ ካሉት ነገሮች ብዙዎቹን ሰውነት ሰባብሮ ያስወግዳል። ኤለመንት ግን አይሰበርም፤ ካድሚየም ምንጊዜም ካድሚየም ነው፣ እርሳስም እርሳስ ነው። የብየዳ ጢስ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ስለሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፤ ጫፍ ድረስ ሄደው ከ300 ሚሊዮን በማያንሱት የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያርፋሉ። እዚያ ያሉት የጽዳት ሴሎች ይውጧቸዋል፤ ሊፈጯቸው ግን ስለማይችሉ ይቆጣሉ፣ ቁጣቸውም ጤናማውን ሥጋ ይበላል። አዋቂ ሰው በአፉ ከዋጠው እርሳስ 10 በመቶ ገደማው ብቻ ወደ ደም ሲገባ፣ ጥልቁ ሳንባ ድረስ የደረሰው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገባል። ከዚያ ወደ አጥንት ይሄድና ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ኩላሊት ውስጥ የገባ ካድሚየም ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ሲጋራ የሚያጨስ በያጅ ይህን እጥፍ ያደርገዋል፤ የትንባሆ ቅጠል ካድሚየምን ከአፈር እየሳበ ስለሚያከማች የአጫሽ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ካድሚየም ከማያጨሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነውና።

ለምን ስለ ወጣቶች ብቻ እንደማወራ ላስረዳ። የሰው ሳንባ ዕድገቱን የሚጨርሰው ሰዎች እንደሚያስቡት በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመት አይደለም፤ በተለይ በወንዶች እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አቅሙ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ጤነኛና የማያጨስ ሰው እንኳ በአንድ ሰከንድ ተንፍሶ ሊያወጣ ከሚችለው አየር ላይ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንስበታል። በምርት ጊዜ ጎተራውን ሞልቶ የዘጋ ገበሬና እኩሌታውን ብቻ የሞላ ገበሬ በቀን እኩል ቢቆነጥሩም ክረምቱን እኩል አይዘልቁትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ በኋለኛ ዕድሜያቸው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው በፍጥነት የወደቀ ሰዎች አልነበሩም፤ ከመጀመሪያውም ሙሉ አቅሙ ላይ ያልደረሰ ሳንባ ይዘው የተነሡ ነበሩ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ያለው ዕድሜ፣ ልጆቻችን ትምህርት አልሆን ሲላቸው ብየዳ፣ ባትላሜራ፣ ቀለም ቅብና የባትሪ ሥራ የሚገቡበት ዕድሜ፣ የሳንባ መሙያ ዕድሜ ነው።

የሚያሳስተው ደግሞ በዚያ ዕድሜ ምንም አለመሰማቱ ነው። ሳንባ ከዕለት ፍላጎታችን እጅግ የሚበልጥ ትርፍ አቅም አለው። የሃያ ዓመት ልጅ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ቢያጣ ደረጃ ሲወጣ አይታወቀውም፣ ኳስ ሲጫወትም ላይታወቀው ይችላል። ጉድለቱ የሚያንገበግበው በአርባዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥራውን ለቆ ወይም ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሳንባውንና የሃያ ዓመት ዕድሜ ብየዳውን የሚያገናኝ ሰው አይኖርም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ማስረጃ ላምጣ። በቺሌ ሰሜናዊ ክፍል አንቶፋጋስታ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከአንዲስ ተራሮች ከሚወርዱ ወንዞች ተጠለፈ፤ ውኃው ግን አርሴኒክ የበዛበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ማጣሪያ ተተከለና መጠኑ ወረደ። ውኃው ከተስተካከለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በእነዚያ ዓመታት የተወለዱና በልጅነታቸው ያንን ውኃ የጠጡ ሰዎች ከ30 እስከ 49 ባለው ዕድሜያቸው በምን እንደሞቱ መረመሩ። በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሌላው የአገሪቱ ሕዝብ አንፃር ከሚጠበቀው ከስድስት እጥፍ በላይ ነበሩ። በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ጀምሮ የተጋለጡት ደግሞ የአየር ቧንቧን አስፍቶ በሚያበላሽ የሳንባ በሽታ የሞቱት ከሚጠበቀው 46 እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ። አርሴኒኩ የገባው በውኃ ነው፤ ያረፈው ሳንባ ላይ ነው፤ የታየውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሰኞ ማታው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ወደ ነፍሰ ጡር ሚስቱም ይሄዳል፤ የሥራ ልብሱን ለብሶ ቤቱ ይገባልና።

እርሳስን በተመለከተ የእኛ የራሳችን ታሪክ አለን። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እርሳስ የተጨመረበትን ቤንዚን እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አስወገዱ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። ስለዚህ በዛሬው የአዲስ አበባ ወጣት መካከል ከሃያዎቹ መጀመሪያ በላይ ያለው ሕፃንነቱን ያሳለፈው የእርሳስ ቤንዚን ጢስ እየሳበ ነው። በመንገድ ዳር አፈር ላይ የወረደው እርሳስ አይበሰብስም፤ አፈሩ ተቆፍሮ በተነሣ ቁጥር አቧራው ውስጥ አለ። የድሮ በርና መስኮት በግራይንደር ሲፋቅም የቆየው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአዲስ ቀለም ውስጥ እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ አገራችን ያወጣችው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ሁሉ አሁንም በየግድግዳው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል።

ከብየዳ ቤቱ ወጣ ስንል መርካቶ ውስጥ ሌሎች አሉ። ከቁራሌው እጅ የተገዛ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳቡ እንዲወጣ ፕላስቲኩ ይቃጠላል፤ ይህን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻ ያሉ ልጆች ናቸው። የቆዩ ገመዶች ፕላስቲክ እንዲጸና እርሳስ ይጨመርበት ስለነበር ጥቁሩ ጢስ እርሳስ ይዞ ይወጣል። የመኪና ባትሪ የሚጠግኑትም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ እዚሁ አዲስ አበባ በትራንስፖርት ድርጅቶች የባትሪ ጥገና ክፍሎች ላይ የተደረገ ጥናት የሠራተኞቹ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ለሥራው ካልተጋለጡት ከፍ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ በርሜል ይቀጠቀጣል፤ በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር የሚጠይቅ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ያንን ቦታ እወደዋለሁ፤ ምንም ነገር የማይጣልበት፣ ከአሮጌ ነገር ጠቃሚ ዕቃ የሚወለድበት፣ ብዙ ቤተሰብ ያሳደገ ቦታ ነው። እንዲዘጋ አልመኝም፤ የሚሠሩበት ልጆች እንዲያረጁ ነው የምመኘው።

ብረት የማይነካ ሰውም ድርሻ አለው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከሸራው መዳብ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ ይረግፋሉ፤ ከጎማው ዚንክ ይፋቃል። በሜክሲኮና በአውቶቡስ ተራ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ተራ አስከባሪ ይህን ይስባል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት የግል መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ እንዲሆኑ መደረጉ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ይቀንሳል፤ የፍሬኑም ድካም ይቀንሳል፤ የጎማው ግን ይቀራል፣ መኪናው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሸክም የሚሸከም ሰው በዚህ ከፍታ አብዝቶ መተንፈስ ግድ ይለዋል። በብርዳማው ወራት ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይቀመጥና ጢሱን አላስወጣ ይላል። ኅዳር ሲታጠን በሚባለው በኅዳር 12 ቀን ጠዋት ይህን ሁሉም የከተማው ሰው ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀውን ወረርሽኝ ለማስታወስ የተጀመረ ልማድ ነው፤ አባቶቻችን ያቃጥሉት የነበረው ቅጠልና ገለባ ነበር፤ ዛሬ ከቆሻሻው ጋር የሚነደው ግን ፕላስቲክ፣ ሽቦና የድንጋይ ባትሪ ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ትኩሳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነግሬው እለያየው ነበር፤ ግን ሳልም ነበረው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ቲቢ እንዳይሆን መመርመሩ በአገራችን ትክክለኛ አሠራር ነው፤ እሱም አክታ ሰጥቶ ነፃ ነህ ተባለ፤ ራጅ ተነሣ፣ ደህና ነው ተባለ፤ ፀረ ተሕዋሲያን ተሰጠው፤ ሳሉ ቀነሰ፣ ተመለሰ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ይህን የምለው ለማንም ክስ አይደለም፤ በአንድ ረፋድ ያን ያህል ሰልፍ የሚጠብቀው ሐኪም በየአንዳንዱ ሰው ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚያጠፋ አይቻለሁ። ነገር ግን የራጅ ፊልም የቲቢን ጠባሳ ያሳይ ይሆናል እንጂ አቅሙ መቀነስ የጀመረ ሳንባን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ስፓይሮሜትር ነው፤ ሰውየው እስኪችለው ድረስ አየር ይስብና በቧንቧው ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ያስወጣዋል፤ መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ ስንት እንደወጣ፣ በጠቅላላው ስንት እንደወጣ ይጽፋል። መርፌ የለው፣ ደም የለው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል።

አብሬው ሄጄ አስለካሁት። ያገኘው ቁጥር በዕድሜውና በቁመቱ ከሚጠበቀው ወሰን ውስጥ ነበር፤ እሱም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ሐኪሟ ግን ጥሩ አድርጋ አስረዳችው፤ ወሰን ውስጥ መሆን ማለት የራሱን ከፍታ ይዟል ማለት እንዳልሆነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስላልተለካ ከምን ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ማወቅ እንደማይቻል ነገረችው። እኔ ከሁሉም በላይ የምሟገትለት ይህ ነው፦ አንድ ወጣት ብየዳ ቤት፣ ጋራዥ ወይም ባትሪ ቤት ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሳንባው ይለካ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይለካ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑትን አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትንም ይከለክላል። አዋጁ ጥሩ ነው። ችግሩ በአጎቱ ቤት ያለ ውል ሙያ የሚማር ልጅ ራሱን ሠራተኛ ብሎ አያስብም፤ አጎቱም ራሱን አሠሪ ብሎ አያስብም።

አጎቱን አነጋገርኳቸው። «ጋሼ፣ ልጁን ብቻ አይደለም፣ እርስዎንም ነው» ስላቸው በደንብ አዳመጡኝ፤ እሳቸውም ደረጃ ሲወጡ እንደሚያርፉ ነገሩኝ። ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀደምን። የሚበየደውን ጫፍ ዚንኩ እስኪነሣ ድረስ አስቀድሞ መፋቅ፤ ሲፋቅ ደግሞ አቧራ ስለሚያስነሣ ውኃ እየነኩ መፋቅ። ሥራውን ወደ በሩ አውጥቶ ንፋሱ በጎን እንዲመጣ መቆም፤ ንፋስ ከጀርባ ሲመጣ ጢሱን አዙሮ ወደ በያጁ ፊት ይመልሰዋልና። ጭንቅላትን ከጢሱ መውጫ አምድ ውስጥ ማውጣት፤ ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ይቀይራል። ምሳ ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሥራ ልብስን እዚያው ሰቅሎ መሄድ። አንድ የቆየ ቬንትሌተር ነበራቸው፤ ጢሱን ወደ ውጭ እንዲስብ አድርገን ከመበየጃው ጠረጴዛ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አስቀመጥነው፤ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ጢሱ በአፍንጫ በኩል አልፎ ነው የሚደርስበት።

በጭምብሉ ላይ ግን ገንዘብ ማውጣት ግድ ነበር። በኮሮና ጊዜ የተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ጭምብል ለዚህ አይረባም፤ በጎንና በጎን አየር ያስገባል፤ ሻሽ መጠምጠምም እንዲሁ። ፊት ላይ ገጥሞ የሚዘጋ፣ ቢያንስ ኤን 95 የሚባለው ደረጃ ያለው፣ ቢቻል ካርትሪጁ የሚቀየር ዓይነት ያስፈልጋል፤ ጺም ካለ ደግሞ አይገጥምምና ልጁ ጺሙን መላጨት ነበረበት። እሱንም እያዘነ አደረገው።

አሁን ሰኞ ማታ የሚመጣው ትኩሳት ቀርቶለታል፤ ሳሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም። የልኬቱን ወረቀት ቅጂ ይዟል። በጀርባው ላይ ሥራውን፣ የጀመረበትን ዓመት፣ የሚበይደውን የብረት ዓይነት፣ ጭምብል መጠቀም የጀመረበትን ወር ጽፎ እንዲይዝ አድርጌያለሁ፤ የትኛውም ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሳይጠየቅ እንዲያሳይ። ቀጣዩ ልኬት በዓመቱ ነው፤ አጎቱም አብረው ሊለኩ ተስማምተዋል፤ ከጎን ካለው ባትላሜራ ቤትም ሁለት ልጆች የት እንደሚለካ ጠይቀውኛል።